መምህር በቀድሞ ተማሪው ሲከበር ኩራቱ የማን ነው?

መነሻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አባቴ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለ38 ዓመታት አስተምረው በ2005 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባለፈው መስከረም 25 ቀን፣ በ1977 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል ሳለ ሒሳብ ያስተማሩት ተማሪያቸው፣ ዛሬ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆኖ፣ የዚያን ጊዜ የክፍል ጓደኞቹን አሰባስቦ በሰፈራችን የእድር አዳራሽ ካባ አለበሳቸው። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ክንዱን ይዘው አነሡት፤ እሱ ግን እንደገና ዝቅ ብሎ ሳመ። አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። አባባ የካባውን ጠርዝ በቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይዘው ቆሙ፤ ጠመኔ ሲይዙ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። እነዚያ ሁለት ጣቶች ጡረታ ከወጡም በኋላ ቆዳቸው እንደተሰነጠቀ ቀርቷል። እኛ ልጆቻቸው አለቀስን። በሰፈሩ ዕድሜያችንን ሙሉ የምንጠራው የመምህሩ ልጆች እየተባልን ነው፤ ያን ቀን ግን ስሙ አዲስ ሆኖ ተሰማን።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ይህ ክብር የአባታችን ብቻ ነው ወይስ የቤቱም ጭምር? እኔ የቤቱም ነው ባይ ነኝ። የተማሪው ቤት ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ገጠር ስለነበር አንዳንድ ቀን ምሳውን ከእኛ ጋር ይበላ ነበር። የሚቀመጠው በአባቴ ቀኝ፣ በእኔ ቦታ ነበር፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁና ቅር ይለኝ እንደነበር አልደብቅም። ያን ምሳ ታቀርብ የነበረችው እማዬ ናት። ሆኖም በበዓሉ ዕለት ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ስሟም አልተነሣ። ሁሉ ካለቀ በኋላ ካባውን አጣጥፋ፣ በክንዷ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ይዛው የሄደችው ግን እሷ ናት። ተማሪውን ዕድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ፤ ይህ ነገር ግን ከውስጤ አልወጣ ብሎኛልና አስተያየታችሁን እጠይቃለሁ።

ምላሾቹ

በስድስት ቀን ውስጥ 27 ምላሾች ተሰጡ፤ የእኔም በውስጣቸው አሉ። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ያጡ ሰዎች ስለጠየቁኝ በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አገላለጽ እተርካቸዋለሁ።

ምላሽ 1፦ የመጀመሪያዋ ጸሐፊ በዕድሜ የገፉ እናት መሆናቸው ከምርቃታቸው ያስታውቃል። ለአባቴ ዕድሜና ጤና፣ ለእኛም የዘራነውን ለመልቀም እንዲያበቃን ተመኙልን፤ በወላጅ ክብር መኩራት ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር እንዳልሆነ አክለው፣ ጥያቄዬን ገና ከመጀመሪያው የተዘጋ አድርገው አለፉት።

ምላሽ 2፦ ይህን የጻፈው የዚያ ክፍል ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ አንድ ስሕተቴን አርሟል። አባባ በ1977 ዓ.ም. ያስተማሯቸው ሒሳብ ብቻ አልነበረም፤ የሳይንስ መምህሩ ተዛውረው ተተኪ እስኪመደብ ድረስ ለግማሽ ዓመት ሳይንሱንም ይዘውት ነበር። በክፍሉ 68 ተማሪዎች ነበሩ፤ ለሦስት የተሠራው ዴስክ ላይ አራት ሆነው ይቀመጡ ነበር። ለሚኒስትሪ ፈተና የተዘጋጁት ቅዳሜ ቅዳሜ በእኛ ቤት በረንዳ ላይ እንደነበረ፣ እማዬም ቆሎ በሰፌድ ታወጣላቸው እንደነበረ ያስታውሳል። ቆሎውን እኔ ረስቼው ነበር።

ምላሽ 3፦ ከተቃዋሚዎቹ ሁሉ የከበደው ይህ ነው፤ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው በጨዋነት፣ ግን ሳያወላውል፣ ክብር ለሠራ ሰው እንጂ ሠርቶ ለሚገባበት ቤት እንደማይሰጥ ተከራከረ። የሾፌርም፣ የወታደርም፣ የነርስም ቤተሰብ በሥራው ምክንያት ብዙ ነገር ያጣል፤ መቁጠር ከተጀመረ ማብቂያ የለውም። የልጆች ኩራት መልካም ነገር ቢሆንም ድርሻዬን ማለት ሲጀምር ኩራትነቱ ቀርቶ ሒሳብ ማወራረድ ይሆናል የሚል ነበር የመጨረሻ ነጥቡ።

ምላሽ 4፦ አባቷ ሰበታ ያስተምሩ የነበሩ ሴት ለቁጥር 3 መለሰች። የመምህር ሥራ በደወል አያበቃም ብላ ጀመረች። እሷና እህቷ ከአሥር ዓመታቸው ጀምሮ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የሮስተር ውጤት ይደምሩ ነበር፤ አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ ትደምራለች፣ አባታቸው ደግሞ ከኋላ ያጣራሉ። ከዚህ ሁሉ ያልረሳችው ግን ድምፃቸውን ነው። ቀኑን ሙሉ በሁለት ፈረቃ ሲናገሩ ውለው ሲገቡ ጉሮሯቸው ተዘግቶ፣ ውኃ እንኳ የሚጠይቁት በእጃቸው ምልክት ነበር። ተማሪዎቻቸው የሚያውቁትን ተረት፣ ቀልድና ምክር እሷና እህቷ የሰሙት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከተማሪዎቹ አፍ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ስለ አባቷ በአደባባይ ሲናገር ለእሷ የጠፋባት ነገር የተመለሰላት ያህል እንደሚሰማት ጻፈች። ከእኔ መነሻ ጽሑፍ ይልቅ ነገሩን የገለጸችው እሷ ናት ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 5፦ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ አባት ነገሩን ወደ ቀድሞው ሥርዓት መለሱት። ፊደል ቆጥሮ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ጀምሮ ንባብ ለምዶ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው የኔታን ያከብሩ ነበር፤ እንደ አቅማቸው ጋቢ የሚያለብሱም፣ በግ የሚሰጡም ነበሩ። የሚኮራው የልጁ ቤተሰብ ነው፤ የኔታም የሚከበሩት ልጁ ሐኪም ወይም ሹም እስኪሆን 40 ዓመት ጠብቀው ሳይሆን በዚያው በጉብዝናቸው ነበር። ዛሬ ክብሩ ለምን እንዲህ እንደዘገየ ጠየቁ፤ ይህን የመለሰ ሰው ግን አልተገኘም።

ምላሽ 6፦ ሌላው ተሳታፊ ከቁጥር 5 ተነሥቶ በእነሱም ዘንድ እንዲሁ እንደሆነ መሰከረ። ቃሊቲ አካባቢ በልጅነቱ ቁርኣን ሲቀራ፣ ፊደሉን በሉህ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው የሚያጠኑት ከኡስታዙ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ውኃ ሲቀዱ የሚያግዙት የኡስታዙን ባለቤት ነው፤ ትኩስ ቂጣ የምትሰጣቸውም እሷው ናት። ቀርቶ የጨረሰ ዕለት እናቱ ለኡስታዙ ልብስ፣ ለባለቤታቸው ደግሞ ሻሽ ይዛ ሄደች። ሁለት ስጦታ የያዘችው ለምን እንደሆነ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነበርና።

ምላሽ 7–11፦ እነዚህን በአጭሩ ልለፋቸው። አንዱ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ወጣ። ሌላው ትምህርት ቤቱ ከባቡር ሐዲዱ በየትኛው ወገን እንደሆነ ስለጠየቀ ወሬው በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስለደረሰው የጅቡቲ ባቡር ሆነ። ከሐዲዱ ማዶ የሚመጡ ልጆች ሲያረፍዱ ባቡሩን ያመካኙ እንደነበር የተናገረ ነበር፤ የለም፣ ባቡሩ ራሱ ሰዓቱን ስለማያከብር ማንም መምህር ያን ሰበብ አይቀበልም ነበር ያለም ተገኘ። በቁጥር 11 ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ ለመንሁ።

ምላሽ 12፦ ከዚህ በኋላ የመድረኩ አየር ተለወጠ። የጻፈው ሰው ለአባቴ ተገቢውን አክብሮት ካቀረበ በኋላ፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታወሰ። በዚህ ውጤት ላይ ቆመን ካባ ስንለብስና ስናለብስ፣ በስልክ ቀርጸን ስናሰራጭ አናፍርም ወይ ሲል ጠየቀ። በሰፈሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት መምህራን ካባ ሲለብሱ እንዳየ፣ ትምህርት ቤቱ ግን ቤተ መጻሕፍት እንደሌለው ጨመረ። የመጨረሻው ነጥቡ እውነት ስለሆነ አልተከራከርሁትም።

ምላሽ 13፦ የተከራከረው ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ ቃሉም ጠንከር ያለ ነበር። የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና የተፈተኑት ልጆች ትምህርት ቤት በኮሮና የተዘጋባቸው፣ ብዙዎቹም ጦርነት የደረሰባቸው ናቸው፤ ያን ሁሉ በመምህሩ ትከሻ ላይ መጫን ግፍ ነው አለ። ከዚያ ወደ ራሱ ዘመን ተሻገረ። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ክፍሎቹ ሲገባ ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣ ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የሚቀረው ከመግቢያውና ከመውጫው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ እየፈጠነ የሚያልፈውን ትምህርት ልጆቹ እየተከተሉ መጻፍ ሲያቅታቸው እሱ በሩ አጠገብ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ በፊት ያስተማራቸው መንገድ ላይ ያቅፉታል፤ ከፕላዝማው ዓመታት ተማሪዎች መካከል ግን ስሙን የሚያስታውስ አንድም ሰው እንዳልገጠመው ጻፈ። ልጆቹ በአባታቸው ሥራ የሚኮሩበት አጋጣሚ አለማግኘታቸው ከደመወዙ ማነስ ይበልጥ እንደሚያሳዝነው ሲናገር፣ የቁጥር 12 ጸሐፊ በጽሑፉ ግርጌ ይቅርታ ጠየቀው።

ምላሽ 14ና 15፦ አንድ ወጣት በዓሉ ለምን በመስከረም 25 እንደተደረገ ለማስረዳት ፈልጎ፣ የዓለም የመምህራን ቀን በ1966 የተደረገውን የመምህራን አድማ ለማሰብ የተሠየመ ነው አለ። የቁጥር 15 ጸሐፊ አቆጣጠሩ እንደተምታታበት አስረዱት። ቀኑ የሚዘክረው ዩኔስኮና የዓለም ሥራ ድርጅት የመምህራንን መብትና ደረጃ የሚመለከት የውሳኔ ሐሳብ ያጸደቁበትን ዕለት ነው፤ 1966 የተባለው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ መስከረም 25 ቀን 1959 ዓ.ም. ይውላል። በዓለም ደረጃ መከበር የጀመረው ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ነው። የእኛ መምህራን አድማ የተጀመረው የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ የታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ሥራ ባቆሙበት ዕለት ሲሆን፣ አብዛኛው ልጅ ከአራት ዓመት ትምህርት እንዳያልፍ ያደርጋል ተብሎ የተፈራውን፣ ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ በመቃወም ነበር።

እኚህ ሰው ይህን ሁሉ ያወቁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ እናታቸው በዚያ አድማ ውስጥ የነበሩ መምህርት ናቸው። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ደመወዝ ይቋረጣል ተብሎ በተሰጋበት በዚያ ወር፣ አባታቸው የሲንጀር መኪናቸውን ከሱቅ ወደ ቤት አምጥተው ሌሊት ሌሊት ይሰፉ ነበር፤ ልጁም በመኪናው ድምፅ እየተኛ በመኪናው ድምፅ ይነሣ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የእናታቸው ተማሪዎች ሊያከብሯቸው ሲመጡ አባታቸው በሕይወት አልነበሩም፤ እናትየው የተሰጣቸውን ጋቢ ወስደው በልብስ ስፌት መኪናው ላይ አለበሱት። ለቁጥር 3 ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ጠንካራው ይህ ይመስለኛል፤ ጸሐፊው ግን ቁጥር 3ን በስም እንኳ አላነሡትም።

ምላሽ 16፦ ይህ በቀጥታ ወደ እኔ የመጣ ነው፤ አልጠበቅሁትም ነበር። አንዲት ጸሐፊት መነሻ ጽሑፌን መስመር በመስመር ከመረመረች በኋላ፣ አባቴን አስተማሩ፣ አነሡ፣ ቆሙ እያልሁ እናቴን ግን ተቀመጠች፣ አጣጠፈች፣ ሄደች ማለቴን አሳየችኝ። ለእናቴ ክብር የምሟገት ሰው ገና ከቋንቋዬ አንቱታውን ለአንዱ ብቻ እንደሰጠሁ፣ አዳራሹ ውስጥ የተፈጸመውን በጽሑፌም እንደደገምሁት በትሕትና ተናገረች። ብዙ ሰው ተስማማላት። በቤታችን፣ እንደ ብዙ የከተማ ቤት፣ አባት በአንቱታ፣ እናት ደግሞ በአንቺታ እንደሚጠሩ፣ አንቺታውም ከንቀት ሳይሆን ከቅርበት እንደሆነ መለስሁላት። ቢሆንም መልሴ ለራሴም ሙሉ አልመሰለኝም። ማታ ለእማዬ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ልበልሽ ወይ ብዬ ነገሩን ስነግራት፣ በገዛ ቤቷ እንግዳ እንዳላደርጋት ከለከለችኝ። ስለዚህ በዚህም ትረካ እንደወትሮው እጽፋለሁ፤ የጸሐፊዋ ነቀፋ ግን አሁንም ከእኔ ጋር ነው።

ምላሽ 17፦ የመምህር ልጅ ነኝ ያለው ይህ ሰው ማንም ያላከበራቸውን አባት ታሪክ አመጣ። አባቱ በራሳቸው ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩት አድልተዋል እንዳይባሉ፣ ሌላው ልጅ አንድ ሲገረፍ እሱን ሁለት ይገርፉት ነበር። ቤት ሲገቡ ስለዚያ ነገር አያነሡም፤ እራት ላይ ግን ከፊታቸው ያለውን ሥጋ ወደ እሱ ይገፉለታል። በሕይወት ሳሉ የጠየቃቸው ተማሪ አልነበረም። ሲያርፉ ግን በሁለት አውቶቡስ መጥተው ድንኳኑን ሞሉት፤ አስከሬኑንም ተሸከሙ። እሱ በዚያ ዕለት የተሰማው ንዴት እንጂ ኩራት እንዳልነበረ፣ ያ ሁሉ ሰው የት ቆይቶ እንደመጣ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጠይቅ እንደነበር ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

ምላሽ 18፦ ዝምታውን የሰበረው በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት መምህር ነው። ሽማግሌ ልኮ ልጅት ሲያስጠይቅ፣ ወላጆቿ ሌላ ሥራ ለመፈለግ ማሰቡን መጠየቃቸውን ተናገረ። ቤተሰብ በመምህር የሚኮራው ጡረታ ከወጣና ሐኪም ያደረገው ልጅ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ዛሬ ጠመኔ በያዘው ግን የገዛ እናቱ እንኳ ስለ ሥራው ስትጠየቅ ወሬ ትለውጣለች አለ። እሱን ሊያጽናኑ የሞከሩ ነበሩ፤ እኔ ግን ማጽናኛ ቃል አላገኘሁለትም።

ምላሽ 19–21፦ የቁጥር 3 ጸሐፊ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ጨዋነቱ ቀንሶ ነበር። ሁሉም የየቤቱን ብሶት እያመጣ የአንድን አዛውንት መምህር የክብር ቀን አሳነሰው፤ ሽሮ ማቅረብ ማስተማር አይደለም አለ። የቁጥር 4 ጸሐፊ ወዲያው መለሰችለት፦ ያልበላ ልጅ የሒሳብ ቀመር ሲገባው አይታ እንደማታውቅ፣ እሱም አይቶ ከሆነ እንዲነግራት ጠየቀች። ሌሎች ደግሞ ሚስቱን እያነሡ ይሰድቡት ጀመር፤ አስተባባሪው ሁለት አስተያየት አጥፍቶ ሁሉንም አስጠነቀቀ። መሰደቡን አልወደድሁም፤ ሰውየው የሚያምንበትን ተናገረ እንጂ ማንንም አልነካም።

ምላሽ 22፦ ሐኪሙ ራሱ ጻፈ። መድረኩን የሚያነብ መሆኑን አላውቅም ነበር። የጻፈው አጭር ነው፤ ሁለት ነገር አረመኝ። አንደኛ፣ ምሳ የበላው አንዳንድ ቀን አልነበረም፤ ከሰባተኛ ክፍል ኅዳር ጀምሮ ሚኒስትሪ እስኪፈተን ድረስ፣ ትምህርት በነበረበት ቀን ሁሉ ነው። ሁለተኛ፣ እትዬን ረስቷቸው አልነበረም፤ እሱ እናቴን የሚጠራት እንዲህ ነው። በጳጉሜን ቤት ድረስ መጥቶ ከጋሼ ጎን እንዲቀመጡ ሁለት ጊዜ ለምኗቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ እንቢ አሉት። ለእሳቸው ያሠራው የጥበብ ቀሚስ እስካሁን መኪናው ውስጥ ነው። ለምን እንቢ እንዳሉ መናገር ግን የእሳቸው ፋንታ መሆኑን ገልጾ አበቃ።

ምላሽ 23፦ ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያንኑ ማታ እማዬ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ለቀመች፤ ከዚያ ነገረችኝ። 1977 ዓ.ም. የድርቁ ዓመት ነበር፤ ጤፍ ተወድዶ ስንዴ እየቀላቀለች ትጋግር፣ ማታ ማታም የመሶቡን እንጀራ ትቆጥር ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጓዳ ውስጥ፣ የራሷ ልጆች ሳይጠግቡ የሰው ልጅ ማብላት እንደማትችል፣ አባባ ልጁን ማምጣታቸውን እንዲተዉ ነገረቻቸው። ልጁ ከመጋረጃው ወዲያ እጁን ይታጠብ ነበር፤ መስማቱን ያወቀችው የማስታጠቢያው ውኃ መፍሰሱን ሲያቆም ነው። በማግስቱ አልመጣም። አባባ ሄደው፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ብቻውን ቆሞ አግኝተው፣ እጁን ይዘው አመጡት፤ አልበላም ብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን እሷ ራሷ እኔን ላከችኝ። መላኬን አስታውሳለሁ፤ እያጉረመረምሁ ነበር የሄድሁት፤ ለምን እንደተላክሁ ግን እስከዚያች ማታ አላውቅም ነበር። ከመጣ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልቀረም፤ እሷም ስለዚያ ነገር ይቅርታ የምትጠይቅበት ቃል ሳታገኝ 40 ዓመት አለፈ። እነፍገው የነበረውን እንጀራ እንደሰጠሁ ሆኜ ከፊት ልቀመጥ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ አንዲት ነገር ሳልሸፍን ከጻፍሁት ብቻ ነው።

ምላሽ 24ና 25፦ የቁጥር 3 ጸሐፊ ቃሉን አለዝቦ፣ አቋሙን ግን ሳይለቅ መለሰ፦ የእናቴ እንቢታ ክብሩ የመምህሩ መሆኑን ራሷም እንደምታውቅ ያሳያል አለ። እውነት ያለው ነገር አለበት፤ ቢሆንም አልቀበለውም። እማዬ እንቢ ያለችው ድርሻ የለኝም ብላ አይደለም፤ ድርሻዋ ምን ያህል እንዳስከፈላት ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። የቁጥር 4 ጸሐፊም በዚያ ዓመት መሶብ ያልቆጠረች እናት በአቃቂም በሰበታም እንዳልነበረች ጽፋ፣ እማዬን እንድስምላት ጠየቀችኝ። ሳምሁላት።

ምላሽ 26፦ ሐኪሙ በድጋሚ ጻፈ። ከመጋረጃው ወዲያ የተባለውን ሰምቷል፤ በዚያም ዓመት በገዛ ቤቱ ይባል ከነበረው የተለየ ስላልነበረ አልተቀየመም። በሦስተኛው ቀን ከአጥሩ ሥር ሲያየኝ አባቴ የላኩኝ መስሎት ላይመጣ ወስኖ ነበር። እኔ ግን፣ ሳይጠይቀኝ፣ እማዬ ልካኝ ነው የመጣሁት፣ ሽሮው ሳይበርድ ና ብዬ ነገርሁት። የተነሣው በዚያ ቃል ነው። ይህን ማለቴን ፈጽሞ አላስታውስም።

ምላሽ 27፦ የመጨረሻው የእኔ ነው። ሐኪሙን ለመጪው እሑድ፣ ያለ ካሜራና ያለ ድንኳን፣ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ቤት እንዲመጣ ጠራነው። እማዬ የጽጌን ጾም ስለምትይዝ ዶሮ እንደማይኖር፣ የሚቀርበው ሽሮ ብቻ መሆኑን አስቀድሜ እንድነግረው አዘዘችኝ፤ ነገርሁት። ሽሮው ካለ በሰባት ሰዓት እንደሚደርስ፣ የጥበብ ቀሚሱንም ከመኪናው እንደሚያወርድ መለሰልኝ።